በሁለት ወገን መካከል ስለሚቀሩ ሕፃናት ጤና

በአሜሪካ አገር የሕክምና ዋጋ እጅግ የከበደ መሆኑ የታወቀ ነው፤ መድን የሌለው አባትም ልጁ ሲታመምበት ከሕመሙ ይልቅ ሒሳቡን ይፈራል። ለፍጹም ድኾች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ሜዲኬድ የሚባል የሕክምና ርዳታ በሕግ ተቋቁሞላቸዋል፤ ባለጸጋውም መድኑን በገንዘቡ ይገዛል። የተቸገረው በመካከል ያለው ነው፤ ይኸውም ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ደመወዙ ከድኾች መዝገብ የሚያስወጣው፤ መድን ለመግዛት ግን የማይበቃው ነው። ሰው ስለ ሠራ ልጁ ያለ ሐኪም የሚቀርበት ሥርዓት ሥራን እንደ መቅጣት ያለ ነው።

ይህን ክፍተት ለመድፈን በ1997 ዓ.ም. የሕፃናት ጤና መድን ሕግ ወጣ። ዋና ደጋፊዎቹ ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲና ሴናተር ኦሪን ሐች በፖለቲካ ወገን የተለያዩ ሲሆኑ በሕፃናት ነገር ተስማሙ። ለወጪውም በትምባሆ ላይ ግብር ተጨመረ፤ ለሕመም ምክንያት የሚሆነው ነገር ለሕክምና መክፈሉም የተገባ ፍርድ ነው። 19 ዓመት ያልሞላው ልጅ ክትባትና ሐኪም አገኘ። ከሜዲኬድ ጋር ተባብሮም መድን የሌላቸው ሕፃናት በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 14 ያህል የነበሩት በ2016 ዓ.ም. ወደ 5 ወረዱ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ዲቪ በሚባለው ዕጣ ከኢትዮጵያ እንደ ሄዱት ላሉ ቤተ ሰቦች ልጆች፤ የአምስቱን ዓመት መጠበቂያ የየክፍለ አገሩ መንግሥት ሊያስቀርላቸው እንዲችል ፈቀደ።

ነገር ግን ሕግ የሰጠውን ወረቀት ይነሣል። በወረርሽኙ ዘመን የሜዲኬድ መዝገብ ሳይነካ ከቆየ በኋላ፤ ከ2023 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ እንደ ገና ሲመረመር ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ተሰረዙ፤ ሕፃናትም በብዛት ነበሩባቸው። ከተሰረዙትም የሚበዙት ገቢያቸው ተመርምሮ የማይገባቸው ሆነው ስለ ተገኙ አይደለም፤ ቅጹ ተሞልቶ ባለመመለሱ፤ ወይም ደብዳቤው ስላልደረሳቸው ነው። ጸሐፊው መዝገቡን በደንቡ መሠረት ዘጋ፤ እናቲቱም መድኑ መቋረጡን የሰማችው ልጇን ታቅፋ ከሐኪም ቤት መስኮት ፊት ቆማ ነው።

ከ2024 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ አንድ ጊዜ የተመዘገበ ልጅ የቤተ ሰቡ ገቢ ቢለዋወጥም ዓመቱን ሙሉ እንዳይሰረዝ በሕግ ታዟል። ዓመቱ ሲፈጸም ግን ደብዳቤው እንደ ገና ይላካል፤ ቤት ለለወጠችውም እናት ወደ ቀድሞው ደጃፍ ይሄዳል።