ያውቁ ኖሯል? እንጆሪን ሙቅ ውሃም ያቆየዋል

እንጆሪ እንደ ሙዝ ከተለቀመ በኋላ አይበስልም፤ ሳይቀላ የተገዛው ቢሰነብት ይበላሻል እንጂ አይጣፍጥም።

እንጆሪ ላይ የሚወጣውን ግራጫ ጸጉር መሳይ ሻጋታ የሚያመጣው ቦትራይቲስ የተባለ ፈንገስ ነው። ብዙ ጊዜ ከማሳው አብሮ ይመጣል፤ ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ቀስ እያለ ያድጋል፤ ከአንዷ ፍሬ ወደ ጎረቤቷ ለመሻገር መነካካት ይበቃዋል። ስለዚህ የተጨፈለቁት ተለይተው ይወጣሉ፤ የቀሩት ሳይታጠቡ፣ አረንጓዴ ቆባቸው ሳይነቀል፣ ሶፍት በተነጠፈበት ሰፊ ዕቃ በአንድ ረድፍ ፍሪጅ ይገባሉ። ማጠብ ሊበሉ ሲሉ ነው።

ግራ የሚያጋባው ሙቅ ውሃው ነው! አሜሪካዊው የምግብ ሳይንስ ጸሐፊ ሃሮልድ ማክጊ በ2009 እ.ኤ.አ. እንጆሪን በ52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ለ30 ሰከንድ መንከር ሻጋታን እንደሚያዘገይ ጽፏል። ከዚያ በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር የሌለው ግን ባይሞክረው ይሻላል፤ ሙቀቱ ካለፈ ፍሬው ይቀቀላል።