የቦርዶ በርሜልና የ«ቶን» ታሪክ

በሒሳብ ትምህርት ጊዜ «አንድ ቶን ስንት ኪሎ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ከመካከላችን «አንድ ሺህ» ብሎ የማይመልስ ተማሪ አይገኝም። ቡናውም፣ እህሉም፣ ሲሚንቶውም በቶን ይቈጠራልና ቃሉን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ነገር ግን ቶን አስቀድሞ የክብደት ስም ሳይሆን የወይን ጠጅ የሚሞላበት የትልቅ በርሜል ስም እንደ ነበረ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ታሪኩን ለማወቅ የፈለገ ሰው በፈረንሳይ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል ወደምትገኘው ወደ ቦርዶ ከተማ በሐሳቡ መጓዝ አለበት። ይህን የምጽፈው መጠጥን ለማመስገን አይደለም፤ አንዲት ከተማ በአንድ ሰብል ንግድ እንዴት እንደ ከበረችና በዚያው ምክንያት እንዴት እንደ ተጨነቀች ለማሳየት ነው እንጂ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቦርዶ ጋሮን በተባለው ትልቅ ወንዝ ዳር የተሠራች ናት። ጋሮን ከከተማይቱ ዝቅ ብሎ ዶርዶኝ ከሚባለው ወንዝ ጋር ይገናኝና ሁለቱ ዢሮንድ የተባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ ሠርተው ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባሉ። ከተማይቱ ከባሕሩ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታ ብትገኝም፣ የባሕሩ ሙላት ወንዙን ሽቅብ እየገፋ ስለሚመጣ መርከብ እስከ ደጃፏ ይደርስላታል። በዙሪያዋም ያለው ጠጠራም መሬት ለእህል ባይመች ለወይን ይስማማል። ሮማውያን ቡርዲጋላ ብለው በሚጠሯት ጊዜ እንኳ የወይን አትክልት ነበራት፤ በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የቦርዶ ተወላጅ ባለቅኔ አውሶንዮስም የወይን ቦታ እንደ ነበረው ይታወቃል።

ታላቁ ለውጥ የመጣው ግን በጋብቻ ምክንያት ነው። ቦርዶ የአኪቴን መስፍን ግዛት ነበረች። የግዛቱ ወራሽ የነበሩት ኤሌኖር አስቀድመው የፈረንሳይ ንጉሥ የሰባተኛው ሉዊ ሚስት ነበሩ። በ1152 ጋብቻው ፈረሰና ሁለት ወር ያህል ቆይተው ሄንሪ ፕላንታጄኔትን አገቡ። ሄንሪ በ1154 የእንግሊዝ ንጉሥ ሲሆኑ አኪቴን ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ተያያዘች። በዚህ ዓይነት ቦርዶ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ባሕር ማዶ ለሚኖር ንጉሥ ተገዛች።

እንግሊዝ አገር ብርድ የሚበዛበት ስለ ሆነ ወይን እንደ ልብ አይበቅልበትም፤ መኳንንቱ ግን ለግብራቸው፣ አብያተ ክርስቲያናቱም ለቅዳሴያቸው የወይን ጠጅ ይፈልጋሉ። በመጀመሪያ ከሰሜን በኩል ያለው የላ ሮሼል ወደብ ይህን ያቀርብ ነበር። በ1224 የፈረንሳይ ንጉሥ ላ ሮሼልን በያዙ ጊዜ ግን የእንግሊዝ ገዢ ሁሉ ፊቱን ወደ ቦርዶ መለሰ። ነገሥታቱም የከተማይቱን ሰዎች ልብ ለመያዝ ብለው፣ ከገዛ ተክላቸው ያገኙትን የወይን ጠጅ ያለ ቀረጥ እንዲያወጡ ፈቀዱላቸው።

የንግዱ ሥራ እንዲህ ነበር። በመስከረም ወር ወይኑ ይለቀምና በእግር ይረገጣል፤ ጭማቂው ከፈላ በኋላ በእንጨት በርሜል ይሞላል። በጥቅምት የእንግሊዝ መርከቦች ከለንደን፣ ከብሪስቶልና ከሌሎችም ወደቦች ተሰብስበው ይመጣሉ። የዚያን ዘመን የወይን ጠጅ እንደ ዛሬው በጠርሙስ ታሽጎ የሚቀመጥ አልነበረም፤ አየር ሲያገኘው ቶሎ ወደ ሆምጣጤ ይለወጣል። ስለዚህ የዘንድሮው ጠጅ ሲደርስ የአምናው ዋጋ እጅግ ይወርድ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰ ነጋዴ ያተርፋል፤ የዘገየ ይከስራል። ሁለተኛው የመርከቦች ጉዞ ክረምታቸው ካለፈ በኋላ በጸደይ ይደረግ ነበር። መንገዱም የሚያስፈራ ነው፤ ማዕበልና የባሕር ወንበዴ ስለ ነበረ፣ ይልቁንም በጦርነት ጊዜ፣ መርከቦቹ አንድነት ሆነው ይጓዙ ነበር። በዢሮንድ አፍ በኮርዱዋን አለት ላይ በ14ኛው መቶ ዓመት «ጥቁሩ ልዑል» የተባሉት ኤድዋርድ ግንብ አሠርተው በላዩ ለመርከበኞች እሳት ይነድበት ነበር። በ1611 ሥራው ያለቀው የመብራት ግንብ ዛሬም በዚያው ቦታ ይታያል።

እንግዲህ ወደ በርሜላችን እንመለስ። ፈረንሳዮች «ቶኖ»፣ እንግሊዞች «ተን» የሚሉት መስፈሪያ 900 ሊትር ያህል ይይዛል። ከነእንጨቱ ሲመዘን ወደ አንድ ሺህ ኪሎ፣ ማለት ወደ ዐሥር ኩንታል ይጠጋል። በእኛ አገር የሲራራ ነጋዴ ሀብቱን በበቅሎ ጭነት ይቈጥር እንደ ነበረ፣ በዚያም መርከብ በሚሸከመው በርሜል ይቈጠር ነበር። «ይህች መርከብ ስንት ተን ትይዛለች?» እየተባለ ሲጠየቅ ቃሉ ከበርሜሉ ወደ መርከቡ ስፋት፣ ከዚያም ወደ ክብደት ተላለፈ። የወይን ጠጅ ላልቀመሰ ሕዝብ እንኳ መለኪያ ሆኖ ቀረ።

ንግዱ እጅግ የደራው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። በ1308 እና በ1309 መካከል በአንድ ዓመት ብቻ 100,000 ተን ያህል ወጥቷል፤ ይህም ወደ 90 ሚሊዮን ሊትር ይደርሳል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጠጅ ከቦርዶ ተክል ብቻ የተገኘ አልነበረም፤ ብዙው ከወንዙ ላይ ካለው አገር፣ እንደ ካኦርና እንደ ጋያክ ካሉት ስፍራዎች በጀልባ የሚወርድ ነበር። ታሪኩን ስናነብ የምናዝነውም በዚህ ላይ ነው። የላይኛው አገር ሰዎች ወደ ባሕር የሚወጡበት በር ቦርዶ ብቻ ስለ ነበረ፣ የቦርዶ ሰዎች በሩን እንደ ወደዱ ይከፍቱትና ይዘጉት ጀመር። የራሳቸው ጠጅ አስቀድሞ እንዲሸጥ ብለው፣ የላይኛው አገር ጠጅ የቅዱስ ማርቲን በዓል ከሚውልበት ከኖቬምበር 11 ቀን በፊት እንዳይገባ ከለከሉ፤ ኋላም ቀኑን እስከ ገና አራዘሙት። በዚያ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ጭነው ሄደዋል። እንደ እነርሱ የደከመው የካኦር ገበሬ ጠጁን በርካሽ ለመሸጥ ይገደድ ነበር። ይህ ክልከላ የተሻረው ቱርጎ የተባሉት የፈረንሳይ ሚኒስትር በ1776 ባወጡት አዋጅ ነው።

ነገር ግን ሌላውን ያስጨነቀች ከተማ ራሷም ከጭንቀት አልዳነችም። መሬቱ ሁሉ ወይን ስለ ተተከለበት እህል አነሰ፤ ስለዚህ ጠጁን የወሰዱት መርከቦች ሲመለሱ ከእንግሊዝ እህል፣ ዓሣና የሱፍ ጨርቅ ያመጡ ነበር። ባሕሩ ሰላም ሲሆን ይህ መልካም ነው። በ1337 የመቶ ዓመት ጦርነት የተባለው ሲጀመር ግን ወይኑ በፈረሰኛ ተረገጠ፣ መርከብ ፈራ፣ በ1348ም የወረርሽኝ በሽታ ተጨመረበት። ወደ ውጭ የሚወጣው ጠጅ ከቀድሞው አንድ አምስተኛ እንኳ ያልሞላባቸው ዓመታት ነበሩ። ጠጅ ያልተሸጠበት ዓመት እንጀራም የሚታጣበት ዓመት ሆነ።

በመጨረሻም በ1451 የፈረንሳይ ንጉሥ ሠራዊት ቦርዶን ያዘ። የከተማይቱ ሰዎች ከፈረንሳዮች ጋር ጎረቤት ቢሆኑም ደስ አላቸው ማለት አይደለም፤ ጠጃቸውን የሚገዛውና ቀረጡን ያቃለለላቸው የሩቁ ንጉሥ ነበረና። በ1452 የእንግሊዙ የጦር አለቃ ጆን ታልቦት በመጡ ጊዜ በሩን ከፈቱላቸው። በሚከተለው ዓመት በጁላይ 17 ቀን በካስቲዮን ጦርነት ታልቦት የፈረንሳዮችን መድፍ ፊት ለፊት ገጥመው ወደቁ፤ በኦክቶበርም ቦርዶ እጇን ሰጠች። ሰባተኛው ሻርል ከተማይቱን ገንዘብ አስከፈሉ፣ መብቷን ገፈፉ፣ ዳግመኛ እንዳታምፅም ሁለት ምሽግ አሠሩባት። እርሳቸውን የተኩት ዐሥራ አንደኛው ሉዊ ግን ንግዱ ሲሞት የንጉሡም ገቢ እንደሚሞት አስተውለው መብቷን መለሱ፤ የእንግሊዝ ነጋዴዎችም እንደገና መጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ረዥም ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ሆላንዶች የሜዶክን ረግረግ አደረቁ፤ ጠርሙስና ቡሽ ሲለመዱ ጠጁን ብዙ ዓመት ማስቀመጥ ተቻለ፤ በ1855 የታወቁት የወይን ስፍራዎች በደረጃ ተመደቡ። በ2007 ዩኔስኮ ቦርዶን በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፋት።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ንግድ ባሕርንና ቋንቋን ተሻግሮ ሰውን ከሰው እንደሚያስተሳስር ነው። ሁለተኛው፣ በአንድ ሰብልና በአንድ ገዢ ብቻ የሚኖር፣ የጎረቤቱንም በር የሚዘጋ፣ የእርሱ በር የተዘጋ ቀን የሚያዝንለት እንደማያገኝ ነው። ከእንግዲህ ወዲህ መምህራችን «አንድ ቶን ስንት ኪሎ ነው?» ብለው ሲጠይቁን፣ በመልሳችን ውስጥ በጋሮን ወንዝ ዳር የሚንከባለለውን በርሜል፣ በላይኛውም አገር ጀልባውን አስሮ ቀኑን የሚቈጥረውን ገበሬ እናስታውስ።