የጠበቃ ሙያና የቃል ሚዛን

ጠበቃ ማለት ስለ ሌላ ሰው መብት በዳኛ ፊት ቆሞ የሚከራከር ባለሙያ ነው። ብዙ ሰዎች ይህ ሙያ የአንደበተ ርቱዕነት ጉዳይ ብቻ ይመስላቸዋል። በእርግጥ ንግግር ማወቅ አንዱ መሣሪያው ነው፤ ሆኖም ከንግግር የሚቀድሙ ሌሎች ችሎታዎች አሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጠበቃ ጽሑፍን ቃል በቃል መመርመር ይገባዋል። ለዚህ ታላቅ ምሳሌ የሚሆነን በወሎ፣ ከሐይቅ በስተሰሜን በአምባሰል ምድር የተፈረመው የውጫሌ ውል ነው። ሃያ አንቀጾች ያሉት ይህ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ተደረገ። የአማርኛው ቅጂ በአንቀጽ 17፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የኤውሮጳ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። «ይቻላል» የሚለው ግሥ ለባለቤቱ ምርጫ ይሰጣል፤ «ይገባል» የሚለው ግን ምርጫውን ይነሣዋል። ኢጣልያ በዚህ አንቀጽ ተመርኵዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደ ሆነች ለኤውሮጳ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክም ልዩነቱን በተረዱ ጊዜ ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን ገለጹ። ክርክሩ የተቈረጠው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦር ሜዳ ነበር። በአንድ ግሥ ላይ የአገር ነጻነት ከተንጠለጠለ፣ በችሎትም የአንድ ገበሬ ይዞታ ወይም የአንዲት ባልቴት ቤት በውል ላይ በሰፈረ አንድ ቃል ሊጸና ወይም ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው ችሎታ ማዳመጥ ነው። በጥንቱ የተጠየቅ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ በዳኛ ፊት ቆመው ይጠያየቁ ነበር። የባላጋራውን ቃል በጥሞና ያልሰማ ሰው ተገቢውን መልስ ሊሰጥ አይችልም። በዛሬው ችሎትም ምስክር በዋና ጥያቄ፣ በመስቀለኛ ጥያቄና በድጋሚ ጥያቄ ይመረመራል። በመደበኛው ሥርዐት፣ ምስክሩን ያቀረበው ወገን በዋናው ጥያቄ መሪ ጥያቄ ማንሣት አይፈቀድለትም። «ጊዜው ሌሊት ነበር፤ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ለምስክሩ ያቀብለዋል፤ «ጊዜው መቼ ነበር?» የሚለው ግን ምስክሩ የሚያውቀውን በራሱ ቃል እንዲናገር ያደርገዋል።

ሦስተኛው የአእምሮ ዝግጅት ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዳሉት፣ ብልኅ ጠበቃ ከችሎት በፊት ሰነዱን ያነብባል፤ ማስረጃውን ይመዝናል፤ የባላጋራውንም ክርክር እንደ ራሱ አድርጎ ያጠናል። በችሎት ላይ ቍጣን ይገታል፤ ሐሰተኛ ማስረጃ አያቀርብም፤ ዳኛውን ያከብራል እንጂ አይፈራም።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጠበቃ ለማቆም ዐቅም የሌለው ሰውም ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ሲሆን፣ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ስለዚህ ጠበቃ የሚማረው የራሱን ስም ለማስጠራት ብቻ አይደለም። ስለ ራሱ መናገር ያልቻለው ሰው፣ ከፍርድ በፊት በሚገባ እንዲሰማ ለማድረግ ነው።

መልመጃ
ሀ. «ይቻላል» እና «ይገባል» የሚሉትን ግሦች በየዐረፍተ ነገሩ አግብታችሁ የትርጕም ልዩነታቸውን አስረዱ።
ለ. ሁለት መሪ ጥያቄዎችን ጽፋችሁ፣ መሪ ወዳልሆኑ ጥያቄዎች ለውጧቸው።