የመተማ ቆላ እንጨት፦ የሚወራውና እውነቱ

“ያማረ እንጨት ከፈለግህ ከውጭ አስመጣ” ሲባል ያልሰማ አናጢ የለም። ለቢላዋ እጀታ፣ ለመቁጠሪያ፣ ለጌጣጌጥ ሳጥን ወይም ለቼዝ ጠጠር የሚሆን ጥቁርና ጠንካራ እንጨት የሚሻ ሰው ሐሳቡ ቀድሞ ወደ ኮንጎ ወይም ወደ ህንድ ይሄዳል። ይህ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ወደ ደቡብም እስከ ቋራ በተዘረጋው ቆላ ዞቢ የሚባል ዛፍ ይበቅላል። ክላርኔትና ኦቦ፣ የስኮትላንዶች ባግፓይፕም ጭምር የሚሠሩት ከዚሁ ዝርያ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች በዋናነት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ እየገዙ በውድ ዋጋ ይቀርጹታል። እኛ ዘንድ ግን የሰሊጥ ማሳ ሲመነጠር አብሮ የሚወድቀው፣ ከሰል ሆኖ የሚያልቀውም ጥቂት አይደለም።

ታዲያ ይህን የሰማ ሰው ወዲያው ወደ ሁለተኛው ስህተት ያልፋል፦ “በረሃው ሞልቶ የለም? አንድ ዛፍ ቢቆረጥ ምን ይጎድላል?” ብዙ ይጎድላል። ዞቢ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ የሚመዘዝ ዛፍ አይደለም። ቁመቱ ከ4 እስከ 15 ሜትር፣ ግንዱ የተጣመመ፣ ብዙ ጊዜም ከሥሩ የተከፋፈለና ውስጡ ክፍት ነው። ለሥራ የሚፈለገው ጥቁሩ ልብ ብቻ ሲሆን ዙሪያውን ነጣ ያለ ቢጫ ሽፋን አለው። ልቡ ወፍሮ ለመሰንጠቂያ እስኪደርስ 70 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በታንዛኒያ ልምድ ከተቆረጠው ግንድ ለሙዚቃ መሣሪያ የሚበቃው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ክንድ የሚያህል ወጣት ዞቢ የቆረጠ ሰው ያገኘው የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር ነገር ነው፤ የጠፋው ግን የልጅ ልጆቹ ሊቆርጡት ይችሉ የነበረ ዛፍ ነው።

“ጥቁር ከሆነ ኢቦኒ ነው” የሚለው ደግሞ ገዢን በየቀኑ ያስከፍላል። በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ጥቁር ሐውልት ሲታይ ስሙ ሁሌም ኢቦኒ ነው። በዕፅዋት ሳይንስ ግን ትክክለኛው ኢቦኒ ሌላ ወገን ነው። በእኛው ቆላ ያለው የዚያ ወገን ዘመድ ሰርኪን ሲሆን፣ ዞቢ ከነባቄላና ከነግራር ቤተሰብ የሚመደብ የሮዝውድ ዘመድ ነው። ይህ ለገዢው ብዙ ላያስጨንቅ ይችላል፤ የሚያስጨንቀው ነጭ እንጨት በጥቁር ቀለም ወይም በጫማ ቀለም ተለውሶ ሲሸጥ ነው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በአልኮል ነክረው ደህና አድርገው ይሹት፤ ጨርቁ ላይ ድፍን ጥቁር ቀለም ከለቀቀ ይጠርጥሩ። ከዚያ ማንም በማያየው በታችኛው በኩል በስለታም ቢላዋ ትንሽ ይላጩ። እውነተኛው ዞቢ ውስጡም ጥቁር ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ሲያዩት ግን እንደ ቀለም ጥቁር ሳይሆን ወደ ወይን ጠጅና ወደ ጥቁር ቡናማ የሚያደላ፣ ጠባብ መስመሮች ያሉት ሆኖ ያገኙታል። ከስሩ ነጭ ከወጣና ጥቁሩ እንደ ቅርፊት ከተላጠ ነገሩ አልቋል። ሦስተኛው ውሃ ነው። ደረቅ ዞቢ ከውሃ ስለሚከብድ ቁራጩ ማሰሮ ውስጥ ሲጣል ቀጥ ብሎ ይሰምጣል። እዚህ ላይ “ደረቅ” የምትለዋ ቃል ትጠበቅ፤ ገና እርጥብ የሆነ ሌላ ከባድ እንጨትም ሊሰምጥ ይችላል።

ስለ ድርቀት ካነሳን “የመተማ ፀሐይ ያደረቀው አይሰነጠቅም” የሚለውም ልክ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ነገር ግን ፈጥኖ መድረቅ ነው የሚሰነጥቀው። ላዩ ቀድሞ ይኮማተራል፣ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል፣ በመሐሉ ይተረተራል። ባለሙያዎቹ ዞቢን በግንድነቱ ወይም ለሁለት ተከፍሎ ከ2 እስከ 3 ዓመት በጥላ ሥር ያሳርፉታል። እርስዎ ቁራጭ ሲገዙ ሁለቱን ጫፍ በቀለጠ ሰም ይድፈኑት፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያስቀምጡት፣ በየሳምንቱም በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ለመጋዝ ደርሷል።

በጣም የተስፋፋው ግን “የወደቀ እንጨት ባለቤት የለውም” የሚለው ነው። አለው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የደን ውጤት ማውጣትንም ሆነ ከቦታ ቦታ ማዘዋወርን በፈቃድ አድርጎታል። በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥማ ስለ እንጨት ማሰቡም አይገባም። በሌላ በኩል “ዋንዛ በጠቅላላው የተከለከለ ነው” ብለው የሚፈሩም አሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን የከለከለው ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ነበር። ገበሬ በጓሮው ያሳደገው ዋንዛ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መንገድ ላይ ሲጓዝ ግን እሱም ወረቀት ይጠየቃል።

ውጭ ያለ ወገንም ይስማ፤ “ትንሽ ቁራጭ ሻንጣ ውስጥ ማን ያያታል?” አይባልም። ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል በሆነችበት፣ የዞቢ ወገን በሙሉ በ2016 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ ላይ ቁጥጥር ውስጥ ገብቷል፤ በ2017 መጀመሪያም ሥራ ላይ ውሏል። በ2019 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም በአንድ ጭነት እስከ 10 ኪሎ እንጨት ያላቸው የተጠናቀቁ ዕቃዎች ነፃ ተደርገዋል። ያልተሠራ ጥሬ ቁራጭ ግን ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም።

የዕጣን ዛፉን፣ መቀርን፣ በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። “እንጨቱም ይሠራል” ተብሎ ቢቀርብልዎ አይግዙ። እንጨቱ ነጭና ለስላሳ ነው፣ ለጥሩ ዕቃ አይሆንም። በ2012 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት፣ ሁኔታው ካልተለወጠ የዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ እንደሚያሽቆለቁል አሳይቷል። ችግኙ በእሳትና በከብት እየጠፋ አያድግም፤ አሮጌዎቹ ብቻ ቀርተዋል።

ታዲያ ለትንሽ ሥራ እንጨት ከየት ይገኛል? መጀመሪያ ከአሮጌ ዕቃ። የተሰነጠቀ ሙቀጫ፣ የተሰበረ ሞፈርና ቀንበር፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ መዝጊያ ለዓመታት ደርቀው የተቀመጡ ናቸው፤ ለአንድ የቢላዋ እጀታ የሚያስፈልገው የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ነው። ቀጥሎ የእንጨት ሥራ ቤቶች። ወደ ምድጃ የሚጣለውን ቁርጥራጭ ይጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በትንሽ ገንዘብ ይሰጣል። ደግሞ ከጥቁር ውጭ ሌላ ውበት እንዳለ አይርሱ። የገባ እንጨት ቀላ ያለ ቡናማና ጠንካራ ነው። ቅርክራ ለመሣሪያ እጀታ ይመረጣል። ሱዳኖች ዓርደይብ የሚሉት የኩመር ልብ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ላሎ ደግሞ ፈዛዛ ቢጫና ለመቅረጽ ምቹ ስለሆነ የቁርኣን ተማሪዎች የሚጽፉበት ሰሌዳ ከእሱ ሲሠራ ኖሯል።

በመጨረሻ “የተፈጥሮ ነገር አይጎዳም” የሚለውን አይመኑ። የዞቢ ዱቄት ቆዳን ያሳክካል፣ አተነፋፈስንም ያስቸግራል። በጭምብል፣ በተቻለ መጠን ደጅ ሆነው ይፈግፍጉት። እንጨቱ ቅባት ስላለው ተራ ሙጫ በደንብ አይይዘውም፤ ገጹን በአሴቶን ጠርገው ወዲያው በኢፖክሲ ያጣብቁ።

ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ እንጨቱ ከየት እንደወጣና ወረቀቱ የት እንዳለ። መልስ ከሌለው፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ትተውት ይሂዱ።