ያውቁ ኖሯል? የሶባ ሙቀትና የጎንደር መስመር

በዓባይ ዳር ያለችው ሶባ በመካከለኛው ዘመን የአልዋ መንግሥት መናገሻ ነበረች፤ ዛሬ የካርቱም ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ናት። ግንቦት ላይ የካርቱም ሙቀት 40 ዲግሪ ያልፋል፣ ማቀዝቀዣ ያለው ሁሉ ይከፍታል፣ የኤሌክትሪክ ፍላጎትም ጣሪያ ይነካል።

ከዚህ ኃይል የተወሰነው የሚሻገረው ከኢትዮጵያ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ከጎንደር ተነሥቶ በመተማ በኩል ገዳሪፍ ይደርስና ከሱዳን ብሔራዊ መረብ ጋር ይገናኛል። ችግሩ የወቅት ነው፦ ሱዳን በሙቀት ስትንገበገብ የኢትዮጵያ ግድቦች ክረምቱን ገና እየጠበቁ ነው፤ ውኃው ሞልቶ የሚተርፈው መስከረም ላይ ነው።

ታዲያ ዋጋው ግንቦት ላይ ይወደዳል? እንደ ጤፍ ገበያ ቢሆን አዎ። ሽያጩ ግን ሁለቱ አገሮች አስቀድመው በተዋዋሉት ታሪፍ ነው። ኬንያም ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያን ኃይል የምትገዛው እንዲሁ በረጅም ጊዜ ውል ነው፤ ታሪፉም በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ግን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የነገ ኃይል በየሰዓቱ ዋጋ የሚወጣለት ገበያ አለ። የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት በ1997 ዓ.ም. ተመሥርቶ መቀመጫውን አዲስ አበባ ቢያደርግም፣ የቀጣናው ንግድ በዋናነት የሚካሄደው አሁንም በሁለትዮሽ ውል ነው። እንዲህ ያለው ውል ገዢውን ከድንገተኛ የዋጋ ንረት ይጠብቃል፤ ሻጩ ግን ተፈላጊነቱ ሲንር ተጨማሪ አያገኝም።