የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት ተመራጭ እንዴት ይመረጣል?

የመርካቶ ሰው የምርጫን ነገር አያውቅም የሚል ቢኖር እርሱ መርካቶን የማያውቅ ነው። በሸማ ተራም ሆነ በበርበሬ ተራ፣ በቆርቆሮ ተራም ሆነ በምን አለሽ ተራ፣ ዕድር የሌለው ወይም ዕቁብ የማይጥል ነጋዴ ማግኘት ያስቸግራል፤ ዕድሩም ዕቁቡም ዳኛ፣ ጸሓፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል። በተለይም ገንዘብ ያዡ ሲመረጥ ሰው ሁሉ ነቅቶ ይከራከራል፤ ዋሱ ማን ነው? ሱቁ የት ነው? ያለፈውን ሒሳብ እንዴት አድርጎ አስረከበ? እያለ ይጠይቃል። ይኸው ሰው ልጁ በሚማርበት ትምህርት ቤት ተመራጭ ሲመረጥ ግን አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ እጁን አውጥቶ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ምርጫው ምን እንደ ሆነ፣ ተመራጩም ምን ሥልጣን እንዳለው ለክቡራን ወላጆችና ለጓደኞቼ ለማስረዳት አስቤአለሁ።

በአገራችን ወላጆች በትምህርት ቤት አስተዳደር ይግቡ የተባለው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቍጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ቍጥጥር እንዲተዳደሩ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን የኮሚቴ ወንበር ከፖለቲካው ተለይቶ የሚታይ አልነበረም። የዛሬው አሠራር መሠረቱ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ቀጥሎም በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ አወጣ። በዚህም መመሪያ ሁለት አካላት ተለይተው ይታያሉ፤ አንደኛው በአካባቢው አስተዳደር ደረጃ የሚቆመው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ነው፤ ሁለተኛው በየትምህርት ቤቱ የሚገኘው የወላጅና የመምህር ኅብረት ነው፤ በኋላም ተማሪ ተጨምሮበት ባጭሩ ወተመህ መባል ጀመረ። በቦርዱ ውስጥ አስተዳዳሪው በሹመቱ፣ ርእሰ መምህሩም በሥራው ይቀመጣሉ። ተራው ወላጅ ወደዚያ የሚደርሰው በኅብረቱ በኩል ነው፤ የኅብረቱ ሰብሳቢ በቦርዱ ወንበር አለውና። እንግዲህ ወላጅ በእጁ የሚመርጠው ኅብረቱን መሆኑን ልብ ይሏል።

የኅብረቱ ሥራ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በወላጆች በዓል ቀን ከፊት ወንበር መቀመጥ አይደለም። የትምህርት ቤቱን ዕቅድና በጀት ይመለከታል፤ ከወላጅ መዋጮ ሲሰበሰብ ስንት እንደ ገባና በምን ላይ እንደ ዋለ ይጠይቃል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህም ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቍጥር ልክ የድጎማ ገንዘብ መስጠት ሲጀመር የኅብረቱ ዐይን ይበልጡን አስፈላጊ ሆነ። ከዚህም ሌላ ተማሪ ከባድ ጥፋት አጠፋ ተብሎ ጕዳዩ ሲታይ ኅብረቱ ያገባዋል። አንድ ልጅ በትምህርቱ ይቀጥል ወይስ ይሰናበት በሚባልበት ሰዓት በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠው ወላጅ ነገሩን በጥሞና የሚመረምር ሰው ነውን? ወይስ ሰዓቱን እያየ ሱቄ ተዘግቶ ዋለ የሚል? ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ቀላል ነገር አይደለም።

ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በወላጆች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ነው። የጥሪው ወረቀት በልጅ እጅ ይላካል፤ ከደብተር መካከል ተረስቶ የሚቀረውም ጥቂት አይደለም። በስብሰባው አስመራጮች ይቆማሉ፤ ዕጩዎች ይጠቆማሉ፤ እጅ ይቈጠራል፤ ውጤቱም በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ጕድለቱ ያለው በጥቆማው ላይ ይመስለኛል። አንዱ ተነሥቶ «እኒያ ሽማግሌ ይሁኑልን» ይላል፤ ሰውየው ፈቃዳቸውን ሳይጠየቁ ይጨበጨባል፤ እርሳቸውም እንቢ ማለትን ነውር አድርገው ዝም ይላሉ። የሰዓቱም ነገር አለ። በሥራ ቀን ጧት ሲጠራ ነጋዴው አይመጣም፤ ቅዳሜ ገበያው የሚደምቅበት ነው፤ እሑድ ደግሞ ዕድር አለ። ዕድር የቀረውን ይቀጣል፤ ትምህርት ቤት ግን አይቀጣም፤ ስለዚህ የሚቀረው በትምህርት ቤቱ በኩል ነው።

ለስብሰባ የሚመጡት አብዛኞቹ እናቶች ሲሆኑ ለሰብሳቢነት የሚጠቆሙት ብዙውን ጊዜ አባቶች መሆናቸውም ያስገርማል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ በየአካባቢው የትምህርት ቤት ቦርድ በምርጫ እንዲቆም ሲያዝ፣ ሴቶች ለቦርዱ ሊመረጡ ቻሉ፤ ለፓርላማ ድምፅ መስጠት የተፈቀደላቸው ግን ከ48 ዓመት በኋላ ነው። በዚያው በ1870 ለለንደን ቦርድ ሐኪሟ ወይዘሪት ኤልሳቤጥ ጋሬትና ወይዘሪት ኤሚሊ ዴቪስ ተመረጡ፤ ጋሬትም በከተማው ከተወዳደሩት ሁሉ የበለጠ ድምፅ አገኙ። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የነበሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት በመመረጥ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ። በጉልት ተቀምጣ ሒሳቧን በቃሏ የምትይዝ እናት የአንድን ትምህርት ቤት ሒሳብ ማየት ያቅታታል የሚል ካለ ምክንያቱን ያስረዳን።

እንግዲህ ለመመረጥ የሚፈልግ ወላጅ ምን ያድርግ? በአሜሪካ ከ13 ሺህ በላይ የትምህርት ቤት ወረዳዎች ሲኖሩ፣ የአብዛኞቹን ቦርድ የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፤ ዕጩው ቤት ለቤት እየዞረ ሐሳቡን ይናገራል። በእኛ ዘንድ ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም፤ ሰው ሁሉ በዕድርና በቡና ላይ ይገናኛልና። ነገር ግን ዕጩው ፈቃደኛ መሆኑን አስቀድሞ ቢናገር፣ አንድ ቀን መጥቶ ክፍሎቹን፣ የውሃውን ቧንቧና ቤተ መጻሕፍቱን ቢያይ፣ ያለፈውንም ዓመት ቃለ ጉባኤ ጠይቆ ቢያነብ መራጩ የሚጠይቀው ነገር ያገኛል። ኅብረቱ የማይችለውን ተስፋ መስጠትም አይገባም፤ የመምህራንን ደመወዝ መጨመር ወይም የወደቀን ተማሪ ማሳለፍ ሥልጣኑ አይደለም። ከመምህር ጋር ቂም ያለው ሰው ወንበሩን መበቀያ ሊያደርገው ሲነሣ ደግሞ መራጩ ቀድሞ ሊያውቅበት ይገባል።

ስለ ተማሪው ተወካይ ጥቂት ልጨምር። ተወካያችን እንግዳ ሲመጣ ወንበር የሚያመላልስ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። በስብሰባው የተወሰነውን፣ የአንድን ተማሪ ስም የሚነካው ሳይቀላቀል፣ ለጓደኞቹ የሚያስታውቅበት ጊዜ ይሰጠው፤ ለዚህም ጧት ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዐት በኋላ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል።