የጭቃው ቀይ እጭ

ዊንጌት አካባቢ ካለ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ጥቁር ውሃና ፌስታል እንጂ ሕይወት አይታየውም። ከእንጦጦ ወርደው ጉለሌን አቋርጠው ወደ ትንሹ አቃቂ የሚገቡት ጅረቶች የጓዳውንም የመጸዳጃውንም ፍሳሽ ይቀበላሉ። ባክቴሪያዎች ያንን ሲያብላሉ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። የአዲስ አበባ ውሃ ደግሞ ንጹሕም ቢሆን ብዙ ኦክስጅን አይይዝም፤ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ግን 7 ገደማ ቢይዝ ነው።

እንዲህ ባለ ወንዝ ጭቃ ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ፍጥረት ይኖራል። ትል ይመስላል እንጂ ትል አይደለም፤ ኪሮኖመስ የምትባል የማትናከስ ትንኝ እጭ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በዝልግልግ ነገር ሸፍና ውሃ ላይ ትጥላለች። ገና የተፈለፈለው እጭ ሐመር ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ከውሃው ጋር ይንሳፈፋል። ከዚያ ጭቃው ላይ ሰፍሮ፣ ከአፉ በሚያወጣው ሐር ቱቦ ሠርቶ ይገባበታል፤ እያደገ ሲሄድም ይቀላል።

የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ነው። የእኛ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ታጭቆ ሲኖር፣ የእሱ ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ነው የሚገኘው፤ ኦክስጅን የመያዝ ኃይሉም ከእኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እጩ ገላውን እያወዛወዘ ውሃ በቱቦው ያሳልፋል፣ ያለችውንም ጥቂት ኦክስጅን ይለቅማል። ጭራሽ ከጠፋስ? የያዘው ከደቂቃዎች አያልፍም፤ ስለዚህ የሰውነቱን ስንቅ እንደ ጠላ ጥንስስ አብላልቶ አልኮሉን ወደ ውሃው ይለቃል። በዚያ ቆሻሻ መሀል የራሱ ጠማቂ መሆኑ ነው።



በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ኦክስጅን አጥብቀው የሚሹ ነፍሳት ላይኛው ደን ውስጥ ባሉት ጅረቶች ይገኛሉ፤ ወንዙ ከተማ ሲገባ ግን ቀዩ እጭና ጥቂት መሰሎቹ ብቻ ይቀራሉ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት አንዳንድ የወንዝ ዳርቻዎችን አሳምሯል። ወንዙ ዳነ የሚላችሁ ካለ ግን የዳር አበባውን ትቶ ጭቃውን ዝቆ ያሳያችሁ፤ ቀዩ እጭ ብቻውን ከሆነ ገና ነው።